«የለም፣ ከውጭ ግዙት»

ሁለት ሳምንት ጠፋን። «ምነው ዝም አላችሁ?» ብላችሁ የጠየቃችሁን እግዜር ይስጥልን። የጠፋነው በሁለት ምክንያት ነው። አንዱ መብራት ነው፤ እሱን እናንተም ስለምታውቁት አናወራውም። ሁለተኛዋ እማማ ናቸው። ዛሬ የምናወራው ስለሳቸው ነው፤ በሳቸው በኩል አድርገን ደግሞ ስለ መንግሥት፣ ስለ መድኃኒትና ስለራሳችን።

እማማ የሚኖሩት እኛ ሦስት ሴቶች ተከራይተን ከምንኖርበት ግቢ አጥሩን ተሻግሮ ባለች አንዲት ክፍል የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው። ስማቸውን አንጽፍም፤ ቢሰሙ «ደሞ በኢንተርኔት አወጣችሁኝ?» ብለው እስከ ፋሲካ ያኮርፉናል። ዕድሜያቸው ሰባን አልፏል፤ በስንት እንዳለፈ ግን እንደ ጠያቂው ይለያያል። ለቀበሌ ሲናገሩት ከፍ ይላል፣ ለጎረቤት ሲናገሩት ዝቅ ይላል። ዕድሜ ልካቸውን እንጀራ እየጋገሩ ሸጠው ሦስት ልጆች አሳድገዋል። አንዷ ቤይሩት ናት፣ አንዱ ሞቷል፣ አንዱ የት እንዳለ አይወራም። አሁን አብሯቸው ያለው የልጅ ልጃቸው ነው፤ ታክሲ ላይ ረዳት ሆኖ ይሠራል። ይህን የልጅ ልጅ ልብ በሉልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

እማማ ስኳርም አለባቸው፣ ደም ግፊትም አለባቸው። የጤና መድን ደብተርም አላቸው። ፎቶአቸው የተለጠፈባት፣ ማኅተም ያረፈባት ደብተር ናት። በፌስታል ይጠቀልሏታል፣ ፌስታሉን በመሐረብ ያስሩታል፣ መሐረቡን በነጠላቸው ጫፍ ይቋጥሩታል። መታወቂያቸውን እንኳ እንዲህ አይዙትም። «ይቺ ባትኖር ኖሮ…» ይላሉ፣ አይጨርሱትም።

እንግዲህ ከሦስት ወር በፊት አንዷችን ለቀጠሯቸው አብራቸው ሄደች። ወረፋ ለመያዝ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ጤና ጣቢያው በር ላይ ነበሩ። ካርድ ወጣ፣ ግፊት ተለካ፣ ስኳር ተለካ፤ ጤና መኮንኑ ትሁት ልጅ ነበር፣ «እናቴ ጨው ቀንሱ» አላቸው፣ ሁለት መድኃኒት ጻፈ። እስከዚህ ድረስ አንድ ብር አልከፈሉም። እውነቱን እንናገር ካልን ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ መድኃኒት ቤቱ መስኮት ጋ ደረሱ። ልጅቷ ወረቀቱን አየች። የስኳሩን ኪኒን ቆጥራ ሰጠች። በግፊቱ መድኃኒት ስም ላይ በእስክሪብቶ አሰመረችና «ይሄ የለም፣ ከውጭ ግዙት» አለች።

ቀጣዩ ተረኛ ቀረበ።

ይህቺን ዓረፍተ ነገር ከእናንተ መካከል ያልሰማ ካለ እጁን ያውጣ። የለም፣ ከውጭ ግዙት። የተናገረችውን ልጅ አንወቅሳትም፤ የሌለ ነገር ከየት ታመጣለች? ቀኑን ሙሉ ይህንኑ ስትናገር ነው የምትውለው። ከመስኮቱ ወዲህ ላለው ሰው ግን ዓረፍተ ነገሩ ትርጉም አለው። መድኑ እዚህ አበቃ ማለት ነው።

ከጤና ጣቢያው ፊት ለፊት ሦስት የግል መድኃኒት ቤቶች ተደርድረዋል (ለምን እዚያ እንደተደረደሩ ጋዜጠኛ መሆን አያስፈልግም)። የወር መድኃኒቱ ዋጋ እማማ ከቤት ይዘውት ከወጡት ብር በላይ ነበር። ሐምሌ 2016 ዓ.ም ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ መድኃኒት ዋጋ ምን እንደሆነ የሚገዛ ያውቀዋል። ጓደኛችን ልትሞላላቸው ቦርሳዋን ስትከፍት እጇን ያዟት። «ግማሹን ስጪኝ» አሉ ለባለ መድኃኒት ቤቷ። ግማሹን ገዙ። ለአሥራ አምስት ቀን የሚሆነውን አንድ ቀን እያለፉ ሠላሳ ቀን አደረሱት። እኛ ይህን ያወቅነው በኋላ ነው። እሳቸው እንደ ብልሃት ነበር የቆጠሩት፤ ሽንኩርት እንደ መቆጠብ፣ ከሰል እንደ መቆጠብ።

የዛሬ ሁለት ሳምንት ሌሊት የልጅ ልጃቸው በራችንን ደበደበ። እማማ ከአልጋ ሲወርዱ ወድቀዋል፤ አፋቸው ወደ አንድ ጎን ሄዷል፣ የሚሉት አይሰማም። በራይድ ይዘናቸው ሄድን። ድንገተኛ ስለነበር ሪፈር አምጡ አላሉንም፤ ተቀበሏቸው፣ ደግ ሠራተኞች ነበሩ። ነገር ግን ሲቲ ስካኑ ስለማይሠራ ከውጭ አሠሩ ተባልን። ከውጭ አሠራን። የከፈልነው ብር የኛ የሦስታችን የአንድ ወር የቤት ኪራይ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ሐኪሙ «ግፊታቸው ነው፤ መድኃኒቱን በትክክል አይወስዱም ነበር?» ብሎ ጠየቀን። ማናችንም አልመለስንለትም።

አሁን ቤታቸው ናቸው። ይናገራሉ፣ ይቆጣሉ፣ ቡና ይጠራሉ። የግራ እጃቸው ግን ምጣድ አያነሳም።

አንዲት እናት መንግሥት በሰጣቸው ዋስትና ነፃ ተመረመሩ፣ በነፃ ታዘዘላቸው፣ መድኃኒቱ ግን አልተገኘም፤ ከዚያም መድኑ ብዙ እጥፍ ለሚያስወጣው የሆስፒታል አልጋ ከፈለ። በሒሳብ እንኳ ብናየው ኪሳራው የማን ነው?

ይህን ስንጽፍ «አገሪቱ ምንም አታደርግም» የሚል ለቅሶ ልናለቅስ አይደለም። ታደርጋለች። ታሪኩንም ትንሽ ማየት ይገባል። ድሮ፣ እናቶቻችን ልጆች በነበሩበት ጊዜ፣ ድሃ ሲታመም ቀበሌ ሄዶ «ችሎታ የለውም» የሚል ደብዳቤ ያጽፍ ነበር። ወረቀቱ ለሊቀመንበሩ ፊት ቅርብ ለሆነ ይፈጥናል፣ ላልሆነ ይዘገያል። በ1990 ዓ.ም የጤና ፋይናንስ ስትራቴጂ የሚባለው ወጣ፤ የነፃ ሕክምናው አሠራር መልክ እንዲይዝ፣ ጤና ተቋማትም የሚያስገቡትን ገቢ ራሳቸው እንዲጠቀሙበት ታሰበ። በ2003 ዓ.ም ደግሞ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በያኔው ደቡብ ክልል በሚገኙ 13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀመረ። ዛሬ አብዛኛውን የአገሪቱን ወረዳ አዳርሷል። መክፈል ለማይችሉት መዋጮውን ክልሉና ወረዳው ይሸፍኑላቸዋል። ይህ የሚናቅ አይደለም። በወሊድ፣ በወባ፣ በትርፍ አንጀት በሬውን ሸጦ ይታከም የነበረ ገበሬ አሁን በሬውን ሳይሸጥ ይታከማል።

ጥያቄያችን ሌላ ነው። ይህ ሁሉ ሲታቀድ አዛውንቱ የት ነበሩ?

እስቲ ለሁሉም ሰው፣ ሀብታም ድሃ ሳይል፣ በነፃ የሚሰጡትን የጤና አገልግሎቶች አስቡ። ክትባት፣ የቤተሰብ ዕቅድ፣ የእርግዝና ክትትል፣ ወሊድ፣ የቲቢ ሕክምና፣ የኤችአይቪ መድኃኒት። ሁሉም ትክክል ናቸው፤ አንዱም እንዲነካ አንፈልግም። ዝርዝሩ ግን የተሠራው እናቶች በወሊድ፣ ሕፃናት በኩፍኝ፣ ጎልማሶች በኤድስ ይረግፉ በነበረበት ዘመን ነው። ዘመኑ ያን ይፈልግ ነበር፤ ረጂዎችም ገንዘባቸውን ያፈሰሱት እዚያ ላይ ነው። ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ብታነቡት ግን ዕድሜዋ ሰባ የሆነች ሴት የምትታመመው በሽታ የለበትም። ግፊት የለም። ስኳር የለም። ልብ የለም። የዓይን ሞራ የለም። አርባ ዓመት ሲሞላችሁ ከነፃው ዝርዝር ቀስ እያላችሁ ትወጣላችሁ፤ ስልሳ ሲሞላችሁ ጨርሳችሁ ወጥታችኋል።

በተለይ ግፊትና ስኳር እንደ ትርፍ አንጀት አይደሉም። ትርፍ አንጀት አንድ ቀን ነው፤ ሰዉ ይረባረባል፣ ይቆረጣል፣ ያልቃል። ግፊት በየወሩ ነው፣ በየቀኑ ነው፣ እስከ ዕለተ ሞት ነው። ለአንድ ቀን የሚሰበሰብ ዘመድ ለሦስት መቶ ስልሳ አምስት ቀን አይሰበሰብም።

የዓይኑንም ነገር እንበል። በ1998 ዓ.ም በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው የዓይን ጤና ጥናት ከዓይነ ስውርነቱ ግማሽ ያህሉ የመጣው በዓይን ሞራ ነው ተብሎ ነበር። የዓይን ሞራ ደግሞ በዋናነት የሽምግልና በሽታ ነው፣ በአጭር ቀዶ ሕክምና ይድናል። ግማሹ ዓይነ ስውር መዳን ይችል ነበር ማለት ነው። ብዙ አዛውንቶች ግን አንድ በጎ አድራጊ ድርጅት ለዘመቻ እስኪመጣ ይጠብቃሉ። መነጽር ደግሞ በጤና መድኑ አይሸፈንም፤ የሰው ሠራሽ ጥርስም አይሸፈንም። የማያዩና የማያኝኩ አዛውንት «ምግብዎን ይጠብቁ» ሲባሉ ምን እንደሚሰማቸው አናውቅም፤ ጠይቁልን።

አሁን ወደ ልጅ ልጁ እንመለስ።

እማማ መዋጮውን ራሳቸው ይከፍላሉ። «መክፈል የማይችሉ» ተብለው መንግሥት ከሚከፍልላቸው ውስጥ አልገቡም። ለምን? ኮሚቴው ቤታቸውን ሲያይ «ሠራተኛ ወጣት አለ» አለ። አለ፣ አልዋሹም። ወያላ ነው። ጠዋት ሠርቶ ማታ የሚበላ ልጅ ነው፤ ታክሲው ጋራዥ ሲገባ እሱ የሚበላው እማማ ጋ ነው። መድኑ የሚቆጥረው ግን በቤተሰብ ነው፣ በሰው አይደለም። ይባስ ብሎ ልጁ 18 ዓመት ስላለፈው ለሱ ተጨማሪ ክፈሉ ተባሉ። ልጁ ቤት ውስጥ በመኖሩ ነፃውን አሳጣቸው፣ በመኖሩም ወጪ ጨመረባቸው። ጎረቤት «ልጁን ወጥቷል በይ» ብሎ መክሯቸው ነበር። «ልጄን ልካደው?» አሉ። አልካዱትም።

ምርጫው ራሱ እንዴት እንደሚካሄድ ታውቃላችሁ። በጀት ልክ አለው፤ ስለዚህ የሚመረጠው ሰው ቁጥርም ልክ አለው። ከድሃ ድሃ ይመረጣል። ድህነታችሁን ለማስመዝገብ ጎረቤታችሁ በተቀመጠበት ኮሚቴ ፊት መቅረብ አለባችሁ። የአገራችን አዛውንት ይህን አይችልም። ሻሹን አጥቦ፣ ነጠላውን አንጽቶ፣ «እግዜር ይመስገን፣ ምንም አልጎደለብኝ» ለማለት ነው ያደገው። ይሉኝታው ከድህነቱ ይበልጣል። በዚህ መንገድ የሚመረጠው ብዙ ጊዜ የባሰበት ሳይሆን መናገር የሚችለው ነው።

እዚህ ላይ ኃጢአታችንን እንናዘዝ። ጋዜጠኝነት ተምረን እንደወጣን ከመካከላችን አንዷ ለአንድ የሚዲያ ተቋም ዜና ትሠራ ነበር። አንድ ቀን አዳራሽ ውስጥ ለችግረኛ አረጋውያን የጤና መድን ደብተር ሲታደል ዘገባ ተላከች። ንግግር ተደረገ፣ ጭብጨባ ሆነ፣ አንድ አባት ደብተሩን ተቀብለው መረቁ። ዜናው ተጻፈ፤ ርዕሱም «ለአረጋውያን የነፃ ሕክምና ዕድል ተመቻቸ» የሚል ዓይነት ነበር። አራት ዓመት ሙሉ የተማርነው «ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት» ተመለሰ። ያልተጠየቀው ጥያቄ «ደብተሩን ይዘው የሚሄዱበት ጤና ጣቢያ መድኃኒት አለው?» የሚለው ነው። ማንም አልጠየቀም፣ እኛም አልጠየቅንም፤ ለሻይ ዕረፍት ቸኩለን ነበር።

ሕጉስ ምን ይላል ካላችሁ፣ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ላይ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞች፣ ለአረጋውያንና ወላጅ ለሌላቸው ሕፃናት ድጋፍ የሚውል ሀብት እንዲመድብ ያዛል። «አቅም በፈቀደ መጠን» የምትለዋ ሐረግ ሰፊ በር ናት፤ በርዋ በየትኛውም ወገን ትከፈታለች። በከተሞችም የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ከ2009 ዓ.ም ጀምሮ በአዲስ አበባና በአሥር ሌሎች ከተሞች ሲጀመር መሥራት ለማይችሉ አረጋውያን ቀጥታ ድጋፍ የሚባል ገንዘብ እንዲሰጥ አድርጓል። ጥሩ ነገር ነው። ግን ያ ገንዘብ የዳቦ ነው። የዳቦውን ገንዘብ መድኃኒት ቤት ከወሰደው ዳቦ የለም።

ጡረታ ያላቸውስ? የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690 የወጣው በ2002 ዓ.ም ነው። ደመወዝተኛውንና ጡረተኛውን የሚያቅፍ ነበር። «ዘንድሮ ይጀመራል፣ በሚቀጥለው ዓመት ይጀመራል» ሲባል ከአሥር ዓመት በላይ ተገፋ። ሠራተኛው ከደመወዜ አይቆረጥብኝ ብሎ አጉረመረመ፤ ካጉረመረሙት መካከል የኛ አባቶችም አሉበት። አዋጁ በወጣ ጊዜ ሃምሳ አምስት ዓመቱ የነበረ ሰው አሁን ሰባ አልፎታል። አዋጁን እየጠበቀ ነው ያረጀው። የግል ድርጅት ሠራተኛ ደግሞ የጡረታ ሕግ ያገኘው በ2003 ዓ.ም ነው፤ ከዚያ በፊት ሠርቶ ያረጀው ከነላቡ ቀርቷል። የእንጀራ ጋጋሪ ጡረታ የሚባል ነገር ደግሞ በየትም የለም።

ታዲያ ምን ይደረግ?

እኛ ሊቃውንት አይደለንም፤ ሆኖም አገር አያጣም። ጋና የጤና መድን ሕጓን እ.ኤ.አ. በ2003 ስታወጣ ዕድሜው 70 የሞላውን ሁሉ ከመዋጮ ነፃ አደረገች። ድሃ ነህ ወይ ብላ አትጠይቅም፣ ልጅ አለህ ወይ ብላ አትጠይቅም፤ ዕድሜውን ታያለች። ጎረቤታችን ኬንያም እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ጡረታ ለሌላቸው ከ70 ዓመት በላይ ለሆኑ አዛውንቶች በወር 2,000 ሽልንግ መስጠት ጀምራለች። ሁለቱም አገር ችግር የለበትም አንልም። ጋናም ውስጥ ካርድ ይዞ ሄዶ ከኪሱ ክፈል የሚባል አለ። ኬንያም ገንዘቡ ይዘገያል። ግን ቢያንስ ሰባ ዓመት የሞላት ሴት ድህነቷን በኮሚቴ ፊት አታስመሰክርም።

ስለዚህ ሐሳባችን ይህ ነው። ሰባ ዓመት የሞላው ሰው፣ የትም ይኑር፣ ከማንም ጋር ይኑር፣ መዋጮው ከመንግሥት ይሁን። ሁለተኛ፣ የግፊትና የስኳር መሠረታዊ መድኃኒቶች፣ እነዚያ አሮጌዎቹና ርካሾቹ፣ ስልሳ ዓመት ላለፈው ሰው እንደ ቲቢ መድኃኒት ይቆጠሩ። የቲቢ መድኃኒት ጠፋ ሲባል ስልክ ይደወላል፣ መኪና ይላካል፤ የግፊት ሲጠፋ ወረቀት ላይ ይሰመራል። አንዱ ጠፍቶ ሌላው የማይጠፋው አገሩ ደሃ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ አንዱን የሚጠብቀው ሰው ስላለ ነው። ሦስተኛ፣ ጤና ጣቢያው መድኃኒት ካጣ፣ በሽተኛዋ ሳትሆን ጤና ጣቢያው ከውጭ ይግዛ። «ደረሰኝ አምጡ፣ ይተካላችኋል» የሚለውን አሠራር እማማ ሞክረውታል። ደረሰኝ ይዘው ሄዱ፣ ማኅተሙ አይነበብም ተባሉ። ተመልሰው ማኅተም አስመቱ፣ ሠራተኛው ስብሰባ ላይ ነው ተባሉ። ሦስተኛ ጊዜ የታክሲው ሒሳብ ከሚተካላቸው ብር ሊበልጥ ሲል ተዉት። ደረሰኞቹ እስካሁን ከደብተሯ ጋር በመሐረብ ታስረው አሉ።

ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ ከኛው ከጸሐፊዎቹ መካከል አንዱ ተቃወመን፤ ኢኮኖሚክስ የተማረው ነው፣ ታውቁታላችሁ። «ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ደግሞስ ቦሌ ፎቅ ያላቸውም ሰባ ዓመት ሞልቷቸዋል፤ ለነሱም መንግሥት ይክፈል?» አለ። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ አልናቅነውም። የመጀመሪያውን እንዲህ መለስንለት። በዚህ አገር ስልሳ ዓመት ያለፈው ሕዝብ ከመቶ አምስት አካባቢ ነው፤ ሰባ ያለፈው ከዚያም ያንሳል። የምንጠይቀው ለመላው ሕዝብ አይደለም። ሁለተኛውን በተመለከተ፣ ባለ ፎቁ ሽማግሌ ጤና ጣቢያ ወረፋ ለመያዝ ከንጋቱ 12 ሰዓት አይመጣም፤ ወረፋው ራሱ ይለየዋል። ቢመጣም ይታከም። እሱን ለማግለል ብለን ምን ያህል እማማ እናግልል? ጓደኛችን «የበጀቱን ጉዳይ አላሳመናችሁኝም» ብሎ በአቋሙ ጸንቷል፤ በሚቀጥለው ሳምንት መልሱን ይጽፋል። ቃሉን ካልበላ።

ሌላው ክርክር ከባዱ ነው፤ የሚመጣውም ከገዛ ወላጆቻችን ነው። «አሮጊትና ሽማግሌን መጦር የልጅ እንጂ የመንግሥት ሥራ አይደለም፤ ፈረንጅ አትሁኑ» ይሉናል። እሺ። እኛም ልጆች ነን፣ እንጦራለን። ግን እውነቱን በግልጽ እናውራው። ከመካከላችን ደመወዟ ኪራይና ትራንስፖርት ሸፍኖ ከወር እስከ ወር የሚደርስላት አንዲት ብቻ ናት። ለእናቶቻችን መድኃኒት የምንልከው ብር ከምሳችን የምንቀንሰው ነው። ዓረብ አገር ያሉት እህቶቻችን ላባቸውን የሚልኩት ቤት እንሠራለን ብለው ነበር፤ ግማሹ ግድግዳ ሳይሆን ኢንሱሊን ሆኗል። የእማማ ልጅ ቤይሩት ከሄደች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የጤና መድን ብላችሁ ከጠየቃችሁን የዚህ አገር አዛውንት ትልቁ የጤና መድን የሰው ቤት የምታጸዳ ሴት ልጅ ናት።

አሜሪካ ልጆቻቸው ጋ የሄዱ አባቶችና እናቶችም ያው ናቸው። እዚያ ለአዛውንቱ ሜዲኬር፣ ለደሃው ሜዲኬይድ የሚባል ከ1965 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፤ ስሙን ሁላችንም ሰምተናል። ግሪን ካርድ ይዞ የገባ አዛውንት ግን በፌዴራሉ ሕግ መሠረት ሜዲኬይድ ለማግኘት በመደበኛው አምስት ዓመት መጠበቅ አለበት። አምስት ዓመት ለሰባ ዓመት ሰው ምን ያህል እንደሆነ አስቡት። በዚያ መካከል የሚከፍለው ልጁ ነው፣ ፓርኪንግ ውስጥ ሁለት ፈረቃ እየሠራ። መንግሥት እጁን ሲሰበስብ ዕዳው የሚያርፈው ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ነው።

ዕድራችንንም ሳናነሳ አናልፍም። እማማ አርባ ዓመት ያህል ዕድር ከፍለዋል። አንድ ወር አላሳለፉም፤ ልጃቸው በሞተበት ወር እንኳ። ቢሞቱ ድንኳን ይተከላል፣ ወንበር ይመጣል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ሰው ሦስት ቀን ይቀመጣል። ሲወድቁ ግን ዕድሩ አልመጣም፤ መተዳደሪያ ደንቡ ሕመም አያውቅም። ሊቀመንበሩን አግኝተን «ለታመመ አባል መድኃኒት የሚሆን ብድር ብትጀምሩስ?» አልናቸው። ደግ ሰው ናቸው፣ አዳመጡን። «ልጆቼ፣ ለሞት ስንሰበስብ ሁሉም ይከፍላል፤ ሞት ለሁሉም ነዋ። ለበሽታ ስንል ግን እኔ ጤነኛ ነኝ የሚል ይበዛል» አሉን። ለጠቅላላ ጉባኤ እናቀርበዋለን ብለዋል። ጉባኤው ገና ነው። አንዳንድ ዕድሮች ለታመመ አባል መርዳት እንደጀመሩ ሰምተናል፤ የናንተ ሰፈር ዕድር እንዲህ ካደረገ ደንቡን ላኩልን፣ ለሊቀመንበሩ እናሳያለን።

መቄዶንያን የምትረዱ ብዙ እንደሆናችሁ እናውቃለን፤ እናንተንም አቶ ቢኒያም በለጠንም እግዜር ይስጥልን። ግን መቄዶንያ የሚነሱት መንገድ ላይ የወደቁት ናቸው። እማማ መንገድ ላይ አልወደቁም። ቤት አላቸው፣ ደብተር አላቸው፣ የሚወዳቸው የልጅ ልጅ አላቸው፣ አንድ ቀን እያለፉ የሚወስዱት ኪኒንም ነበራቸው። ለፎቶ የማይመቹ ድሃ ናቸው። እንደሳቸው ያሉት በየሰፈራችሁ፣ በየበራችሁ አሉ። ማንም አያያቸውም።

አንድ ነገር እንለምናችሁ። ጎረቤታችሁ ያሉትን አንድ እናት ወይም አባት «መድኃኒትዎን ይወስዳሉ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ «አዎ» ነው የሚሏችሁ። ኪኒኑን አምጡ በሏቸውና ቁጠሩት። ቀኑንና የቀረውን ፍሬ ስታስተያዩ ይገባችኋል። የመድን ደብተራቸውንም እዩ፤ ማደሻው ጊዜ ካለፈ እስከሚቀጥለው ምዝገባ ከሽፋን ውጭ የሚሆኑ አሉ፣ ጽሑፉ ደግሞ ደቃቅ ነው፣ መነጽርም በመድን የለም።

ማክሰኞ የእማማ ቀጠሮ ነው። ወረፋ ለመያዝ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ እንነሳለን፤ የልጅ ልጃቸው ታክሲውን አቁሞ እወስዳችኋለሁ ብሏል። ደረሰኞቹንም ይዘን ነው የምንሄደው። ከዚያ መስኮት የሚሰጠንን መልስ ማክሰኞ ማታ እንጽፍላችኋለን፤ መብራት ካለ።